ከወፍጮ ቤት እስከ ቺፕ፦ በሃርድዌር፣ በሶፍትዌርና በስታርታፕ መካከል መሥራት

ቺፕ ዲዛይነር ነኝ ስል ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ፋብሪካው የት ነው?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁሉም አጥር አለው፣ በር አለው፣ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ይታያል። የኔ ሥራ ግን ላፕቶፕ ላይ ተጀምሮ ላፕቶፕ ላይ ያልቃል።

ቺፕ መንደፍና ቺፕ ማምረት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ድሮ አብዛኛው ኩባንያ ሁለቱንም በአንድ ግቢ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞሪስ ቻንግ ታይዋን ውስጥ ቲኤስኤምሲን ሲያቋቁም ነገሩ ተለወጠ። ይህ ኩባንያ የራሱን ቺፕ አይሸጥም። የሌላውን ንድፍ ተቀብሎ ያመርታል። ከዚያ ወዲህ ንድፍ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች በዙ። ኤንቪዲያና ኳልኮም ሳይቀሩ ቺፓቸውን የሚያስመርቱት ሌላ ጋ ነው። የኔ ዓይነቱ ሰው የሚያስረክበው ፋይል ነው። ፋይሉ ባሕር ይሻገራል፣ ከወራት በኋላ ቺፕ ሆኖ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ምህንድስና ለሚማሩ የወሎ ልጆች ነው። «ሃርድዌር ልግባ ወይስ ሶፍትዌር? ወይስ የራሴን ነገር ልጀምር?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እኔ ሦስቱም ቤት፣ ሃርድዌርም ሶፍትዌርም ስታርታፕም (ጀማሪ ኩባንያ)፣ ገብቼ ሠርቻለሁ። አሁንም ከአንዱ ወደ አንዱ እመላለሳለሁ።

ሦስቱን ቤቶች የሚለያቸው ትልቁ ነገር የስህተት ማረሚያ ዋጋ ነው። ዌብሳይት ላይ ስህተት ከተገኘ ከሰዓት ታስተካክላለህ፣ ማታ ሁሉም ሰው አዲሱን ያያል። ቦርድ (ቺፖችና ሌሎች ክፍሎች የሚበየዱበት ሰሌዳ) ላይ ስህተት ከተገኘ ቻይና እንደገና ታዛለህ፣ ሳምንታት ትጠብቃለህ፣ ዶላር ትከፍላለህ። ቺፕ ላይ ከሆነ ወራት ይሄዳሉ፣ የገንዘቡ ነገር ደግሞ እንደ ቴክኖሎጂው እስከ ሚሊዮኖች ዶላር ይደርሳል። ጀማሪ ኩባንያ ላይ ያለው ስህተት ሌላ ነው። እዚያ የሚባክነው የደንበኛ እምነት ነው፣ በትንሽ ከተማ ደግሞ እሱን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። የሰዎቹ ጠባይ፣ የስብሰባቸው ርዝመት፣ ፍርሃታቸውና ድፍረታቸው ሁሉ ከዚህ ዋጋ የመጣ ነው። ይህን የገባው ሰው ቤት ሲቀይር ብዙም አይደናገርም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቬሪፊኬሽን ነበር፤ የቺፕ ንድፍን የማረጋገጥ ሥራ። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ሁሉም መንደፍ ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ሥራው ሌላ ሰው የነደፈውን ብሎክ፣ ማለትም የቺፑን አንድ ክፍል፣ ወስዶ መፈተን ነው። ንድፉ የሚጻፈው ቬሪሎግ ወይም ቪኤችዲኤል በሚባሉ የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋዎች ነው። አንተ ደግሞ በሲስተምቬሪሎግ ወይም በፓይተን የፈተና አካባቢ ትሠራለህ። ግብዓቱን ታዘበራርቃለህ፣ ያልተጠበቀ ቅደም ተከተል ትልካለህ፣ ሪሴቱን በመሀል ትጫነዋለህ። ከዚያ ውጤቱ መሆን ካለበት ጋር ይገጥም እንደሆነ ታያለህ። በብዙ ፕሮጀክቶች ላይ ይህ ሥራ ከንድፉ ያልተናነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ሰው ይፈልጋል።

ለምን ያን ያህል ጉልበት እንደሚፈስበት ለሚጠራጠር ሁልጊዜ የማነሳው የኢንቴል ፔንቲየምን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሂሳብ ፕሮፌሰር የማካፈል ስሌታቸው አልገጥም አላቸው። መርምረው ሲደርሱበት ጥፋቱ የቺፑ ነበር። ቺፑ ለማካፈል የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ላይ ጥቂት ቦታዎች ባዶ ቀርተዋል። ጥቂት ቁጥር ብቻ! ኢንቴል ቺፖቹን ለመቀየር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዝ ግድ ሆነበት። ያ ስህተት ሶፍትዌር ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር ማስተካከያ ይበቃው ነበር። አንድ ጊዜ ሲሊከን ላይ ከተቀረጸ ግን ሊታረም አይችልም።

ሥራውን በርቀት ነበር የምሠራው። ፕሮግራሞቹ ውድ ስለሆኑና ንድፉም ሚስጥር ስለሆነ ሁሉም ነገር የአሠሪው ሰርቨር ላይ ነው። አንተ ከላፕቶፕህ ትገባለህ። ይህ ለኛ አገር ሰው ጥሩ ጎን አለው። ከባዱ ስሌት እዚያ ስለሚካሄድ ያንተ ማሽን ጉልበተኛ መሆን የለበትም። መብራት ቢሄድም ሥራው እዚያ ይቀጥላል፣ ቲመክስ በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ከከፈትከው። ደሴ በክረምት መብራት ሲመላለስ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ የሚሮጥ ፈተና በመሀል ቢቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥልበትን ስክሪፕት መጻፍም እዚያው ተማርኩ። ዛሬም በየሥራዬ እጠቀምበታለሁ።

ቀጥሎ ወደ ሶፍትዌሩ ዞርኩ። ፈርምዌርና ድራይቨር ማለቴ ነው፣ ቺፑን በቀጥታ የሚያዝዘው ኮድ። እዚያ ስገባ ነው የቺፕ ሰዎችና የሶፍትዌር ሰዎች ምን ያህል እንደማይተዋወቁ ያየሁት። አንድ ምሳሌ ላንሳ። ብዙ ቺፕ ላይ «ምን ተፈጠረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሬጂስተር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የመረጃ መያዣ፣ አለ። አንዳንዱ ሲነበብ ራሱን ያጠፋል። ለቺፕ ነዳፊው ይህ ቁጠባ ነው፤ ሶፍትዌሩ ለብቻው «አጥፋ» ብሎ መጻፍ አይጠበቅበትም። አሁን ሶፍትዌር የሚጽፈውን ልጅ አስቡት። ችግር ገጥሞት ዲበገር (ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) ይከፍታል። ዲበገሩ ሬጂስተሩን ስክሪን ላይ ለማሳየት ያነበዋል። ሲያነበው መረጃው ይጠፋል። ልጁ የሚፈልገውን ነገር ፍለጋው ራሱ ያጠፋበታል ማለት ነው። ድራይቨር ጽፎ የማያውቅ ነዳፊ ይህን ጣጣ አያስበውም። አንዴ ጽፎ ያየ ግን ሬጂስተሩን ሲነድፍ «አንድ ተብሎ ሲጻፍበት ይጥፋ» ብሎ ይወስናል። ለውጡ ከነዳፊው ጥቂት መስመር ነው የሚጠይቀው፣ የሶፍትዌሩን ሰው ግን ከብዙ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ያድነዋል።

ከሁለቱም ወገን መሥራት ያለውን ዋጋ እዚህ ላይ ነው ያየሁት። አንድ ቤት በደንብ ሥር ሰድዳችሁ ሳትጨርሱ ግን ወደ ሌላው አትዝለሉ። የሁሉም ጀማሪ የሆነ ሰው ማንም አይፈልገውም።

ሦስተኛው ቤት ስታርታፑ ነው። እሱን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኮምቦልቻ ላይ ጀመርነው። መነሻ ገንዘባችን እቁብ ነበር። ቺፕ እንሥራ ብለን አይደለም የተነሳነው። የተነሳነው ከወፍጮ ቤት ነው።

ወሎ ውስጥ በየገበያው ዳር ወፍጮ ቤት አለ። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሦስት ፌዝ ሞተር፣ ማለትም በሦስት የመብራት ገመዶች በሚንቀሳቀስ ሞተር፣ ነው። ሦስቱ ፌዝ ሁሉም ሲኖር ሞተሩ ደህና ነው። ችግሩ አንዱ ሲጎድል ነው። ንፋስ ሽቦ ይበጥሳል፣ ትራንስፎርመር ላይ ፊውዝ ይቃጠላል፣ አንዱ ፌዝ ይሄዳል። ሞተሩ ቆሞ ከነበረ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። እየዞረ ከነበረ ግን መዞሩን ይቀጥላል። የቀሩት ሁለቱ ገመዶች የሦስቱን ሸክም ይሸከማሉ፣ ከረንታቸው ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ሞተሩ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ሽቦውን ለማስጠምጠም ሞተሩን አስፈትቶ፣ መኪና ላይ ጭኖ ከተማ መውሰድ ነው።

እኛ ፌዝ ሲጎድል አይቶ ሞተሩን የሚያቆም ሣጥን ሠራን። የመጀመሪያውን ይዘን ሐይቅ አካባቢ ወዳለ አንድ ወፍጮ ቤት ሄድን። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው። እኛ ስለ ማይክሮኮንትሮለሩ (በፕሮግራም የሚታዘዝ፣ ትንሽ ኮምፒውተር የሆነ ቺፕ)፣ ስለ ሴንሰሩ እየዘረዘርን ሳለ እጃቸውን አነሱና፣ «ልጆቼ፣ ውስጡ ያለውን ለእናንተው ትቼላችኋለሁ። የገበያ ቀን ሞተሬ እንዳይቆም ታደርጋላችሁ ወይስ አታደርጉም?» አሉን። አንደኛው ጓደኛዬ፣ «ሐጂ፣ ፌዝ ሲጎድል እኮ ሞተሩን የምናቆመው እኛው ነን» አላቸው። ሳቁ። «እሱስ ገብቶኛል። አንድ ሰዓት ቢቆም እታገሣለሁ። ሳምንት እንዳይቆም ነው የምላችሁ» አሉ። ይቺ ንግግር የምርታችን መግለጫ ሆነች። ከዚያ በኋላ የትም ወፍጮ ቤት ስንሄድ ስለ ቴክኖሎጂው ማውራት ትተን ስለ ገበያ ቀን ነው የምናወራው።

ከሳቸው በላይ ያስተማረችን ግን ወፍጮውን የምታንቀሳቅሰው ሴትዮ ናት። ሣጥኑ ላይ ጩኸት የሚያሰማ ባዘር አድርገን ነበር። አየችውና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ይሄን ማን ይሰማዋል?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ወፍጮው ሲዞር ሁለት ሰው ተጠጋግቶም በጩኸት ነው የሚነጋገረው። ደግሞ ጨመረችልኝ። «ፌዝ ሲጎድል እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ። ግን ደጅ እህል ስመዝን አይሰማኝም።» በባዘሩ ፋንታ ትልቅ ቀይ መብራት አደረግንና ከበሩ በላይ፣ ሚዛኑ ካለበት በኩል ሰቀልነው። የዱቄት ብናኝ መብራቱን እንደሚጋርደው፣ ቦርዱ ላይም ተጋግሮ በክረምት እርጥበት ሲይዝ ከረንት እንደሚያስተላልፍ እሷው ነግራናለች፤ ብሬከሩ ላይ የደረሰውን አይታለች። ከዚያ ወዲህ ቦርዱን ቫርኒሽ እንቀባዋለን፣ ሣጥኑም ብናኝና እርጥበት እንዳያስገባ ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው ነው። እነዚህን ነገሮች ሁሉ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ ላውቃቸው አልችልም ነበር።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሦስቱ ቤቶች በአንድ ነገር ላይ ሲገናኙ የሚታየው እዚህ ነው።

ፌዝ መጉደሉን ማወቅ ቀላል ይመስላል። «ቮልቴጅ አለ? የለም?» ብሎ ማየት ይበቃል ትላለህ። አይበቃም። እየዞረ ያለ ሞተር በተቋረጠው ገመድ ላይ ራሱ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ከሞተሩ በኩል ስትለካው ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ ያለና ትንሽ የተዛነፈ ቮልቴጅ ታገኛለህ። ርካሽ መቆጣጠሪያዎች የሚታለሉት በዚህ ነው። አስተማማኙ ነገር ከረንቱን ማየት ነው፤ በተቋረጠው ገመድ ላይ ከረንት ዜሮ ይሆናል። እኛ ሁለቱንም እናያለን። በተጨማሪ የፌዞቹን ተራ እናያለን። የኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው። ሦስቱ ፌዞች በ6.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ልዩነት ተራ በተራ ይመጣሉ። መስመር ሲጠገን ሁለት ገመድ ተቀያይሮ ከታሰረ ተራው ይገለበጣል፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ይዞራል። ሣጥኑ ይህን አይቶ ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል።

እንግዲህ ይቺ ከፌዙ የምትመጣ ምልክት በየቤቱ ሌላ ጣጣ አላት። ፈርምዌር ላይ ጣጣው ረብሻ ነው። ትልቅ ሞተር ሲነሳ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ መሆን የነበረበት ምልክት አሥር ሆኖ ይመጣል፣ ፕሮሰሰሩን ከሥራው አቋርጦ የሚጠራው ምልክት (ኢንተራፕት) ያጥለቀልቀዋል። መፍትሔው ኮድ ነው። «አንዱ ከመጣ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ አትቀበል» ትላለህ። ካልሠራ ቁጥሩን ትቀይራለህ።

ቺፕ ላይ ስትመጣ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከመብራት መስመሩ የሚመጣው ምልክት ያንተን ክሎክ፣ ማለትም የቺፑን ሥራ በምት የሚመራውን ሰዓት፣ አያውቀውም። ፍሊፕፍሎፑ (አንድ ቢት፣ ዜሮ ወይም አንድ፣ የሚይዘው የቺፕ ክፍል) እሴቱን በሚይዝባት ቅጽበት ላይ ምልክቱ ከተለወጠ፣ ፍሊፕፍሎፑ ዜሮም አንድም ሳይሆን ለትንሽ ጊዜ ሊወላውል ይችላል። ሜታስተቢሊቲ የሚባለው ይህ ነው። ክፋቱ ተራ ሲሙሌሽን (ንድፉን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማስኬድ) ላይ አይታይም። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነው። እውነተኛው ቺፕ ላይ ግን አልፎ አልፎ፣ ያለ ምክንያት በሚመስል ሁኔታ ይሳሳታል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከውጭ የሚመጣን ማንኛውንም ምልክት ሁለት ተከታታይ ፍሊፕፍሎፖች ውስጥ አሳልፈህ ነው የምትጠቀመው። ለማንኛውም ጀማሪ ቺፕ ነዳፊ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው።

ሌላም አለ። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ስለ ቆጣሪ ስፋት አይጨነቅም፤ 32 ቢት ይወስዳል፣ ያበቃል። ቺፕ ላይ እያንዳንዱ ቢት ቦታ የሚይዝ ፍሊፕፍሎፕ ነው። 20 ሚሊሰከንድን በ10 ሜጋኸርትዝ ክሎክ ብትቆጥር 200,000 ይደርሳል፣ 18 ቢት ይፈልጋል። ክሎኩን ወደ 10 ኪሎኸርትዝ ብታወርደው ቆጠራው 200 ይሆናል፣ 8 ቢት ይበቃዋል። ለመብራት ፌዝ ያ ከበቂ በላይ ነው። ለሦስት ፌዝ ሦስት ቆጣሪ ሲሆን ልዩነቱ ይታያል።

ስታርታፑ ቤት ግን ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ለዚህ ነገር ቺፕ ያስፈልገዋል ወይ?» መልሱ አያስፈልገውም ነው። የምንሸጠው ሣጥን ውስጥ ያለው በገበያ ላይ የሚገኝ ተራ ማይክሮኮንትሮለር ነው። የራስህን ቺፕ ማሠራት የሚያዋጣው ብዛቱ እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ወይም በገበያ ያለው ፕሮሰሰር ፍጥነቱ ወይም የኃይል ፍጆታው በፍጹም አልሆን ሲል ነው። የወፍጮ ሞተር ሁለቱንም አይደለም። ቺፕ ዲዛይነር ሆኜ ይህን ማለት መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ የማይክሮኮንትሮለርና የጥሩ ኮድ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ትንሽ ፈጣን ነገር ከተፈለገ ኤፍፒጂኤ አለ። ኤፍፒጂኤ ከተመረተ በኋላ ውስጡ እንደገና የሚዋቀር ቺፕ ነው። የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው ዛይሊንክስ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1985 ነው። ቬሪሎግህን ትጭንበታለህ፣ ካልሆነ ነገ ሌላ ትጭናለህ።

ያም ሆኖ ያችን የፌዝ መለያ ቺፕ አድርገን ነድፈናታል። ለሽያጭ ሳይሆን ለመማር። ይህን የቻልነው በርካታ ሰዎች አንድ ቺፕ የሚጋሩበት መንገድ ስላለ ነው። ታይኒ ቴፕአውት ይባላል። የያንዳንዱ ሰው ድርሻ 160 በ100 ማይክሮሜትር የምታህል ቦታ ናት፣ አንድ ሺህ ገደማ የሎጂክ ጌት (ቺፕ የሚገነባበት ትንሹ የሎጂክ ክፍል) ትይዛለች። 8 መግቢያ፣ 8 መውጫ፣ 8 ደግሞ በሁለቱም በኩል የሚያገለግሉ ፒኖች አሉ። ወጪው በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው። በርከት ብላችሁ ብታዋጡ ይቻላል። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ቴፕአውት ነው፤ ንድፉን አጠናቅቀህ የምትልክበት ቀን። ከዚያች ቀን በኋላ ምንም መንካት አይቻልም። ኮድ ብቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ አጻጻፉ ይለወጣል።

ስለ ኤአርኤምም ላንሳ፣ ሦስቱ ቤቶች አንድ ላይ ሲሠሩ ምን እንደሚወጣ ስለሚያሳይ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ዘር ማንዘሩ እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ አገር ኤኮርን በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ኩባንያ ከተሠራው ይመዘዛል። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ናቸው የነደፉት። ዊልሰን ትእዛዛቱን ነድፋ፣ ቺፑ ከመኖሩ በፊት ሥራውን የሚመስል ፕሮግራም በቤዚክ ቋንቋ ጻፈች። ቤዚክ! ከዚያ በኋላ ነው ሃርድዌሩ የተከተለው። ቺፑ ወደ 25,000 ትራንዚስተር ብቻ ነበረው። ኤኮርን የቺፕ ፋብሪካ አልነበረውም፣ ሌላ ኩባንያ ነው ያመረተለት። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኤኮርን ተነጥሎ የወጣው ኤአርኤም የተባለው ድርጅትም ለአሥርት ዓመታት የኖረው ንድፍ በመሸጥ ነው። ትንሽ ቡድን፣ ቀላል ንድፍ፣ አስቀድሞ በሶፍትዌር መፈተን። እኛም አገር ሊያዋጣ የሚችለው ይህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ መሣሪያዎቹ። የንግድ ፕሮግራሞቹ ለግለሰብ የሚቀመሱ አይደሉም። ነፃዎቹ ግን ዛሬ በጣም ጥሩ ናቸው። ለሲሙሌሽን አይካረስ ቬሪሎግና ቬሪሌተር አሉ። የምልክቱን ውጣ ውረድ በዓይን ለማየት ጂቲኬዌቭ። ቬሪሎጉን ወደ ጌት ለመቀየር ዮሲስ። ጌቶቹን ቦታ ቦታ ለማስያዝና በሽቦ ለማገናኘት ኦፕንሮድ። ንድፉን ለማየት ኬሌይአውት። እ.ኤ.አ. በ2020 ጉግልና የቺፕ አምራቹ ስካይወተር የ130 ናኖሜትር ማምረቻ ዝርዝሩን በነፃ ለቀቁ። ከዚያ በፊት ይህ ሚስጥር ነበር፣ ውል ሳትፈርም አይሰጥህም። ሪስክ-ፋይቭ ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ። ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ መማር ለሚፈልግ ከዚህ የሚሻል መጀመሪያ የለም።

አይካረስ ቬሪሎግ በጣም ትንሽ ነው፣ በስልክ ዳታም ይወርዳል። የማምረቻ ዝርዝሩ ግን በጊጋባይት ነው። እኛ ጋ አንዱ በሌሊት ፓኬጅ ያወርዳል፣ የቀሩት በሃርድ ዲስክ ይቀባበላሉ። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ደግሞ ሥራችሁን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ጥሎ ነው የወጣው። ጊት በሚባለው የኮድ መያዣ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ሥራ ያለው ሰው የትም ደርሶ ከቆመበት ቀጥሏል።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ሃርድዌር ስታርታፕ ዕቃ የሚገዛው በዶላር፣ የሚሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ሣጥኑን በአሮጌ ዋጋ ለማስረከብ ቃል የገባ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ ዋጋ ስትሰጡ «ለዚህን ያህል ቀን የሚጸና» በሉ። ዱቤ ለሚጠይቅ ወፍጮ ቤት የዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ፣ ትርፉን ከገበያ በኋላ ብንል ይሻላል ብለን ተስማማን፤ እስካሁን በዚሁ እንሠራለን። ወሎ ላይ ሰው ቃሉን ይጠብቃል። ሣጥናቸው ሲዘገይብን ሐጂ ደውለው «አብሽሩ ልጆቼ፣ ይደርሳል» ነበር ያሉን።

ስታርታፑ ብቻውን ቤት አያስተዳድርም። እኔ አሁንም በርቀት የቬሪፊኬሽን ሥራ እሠራለሁ። ደመወዙ ስታርታፑን ይደግፈዋል፣ ስታርታፑ ደግሞ አእምሮዬን ይደግፈዋል። በርቀት ሥራ ለሚፈልግ የምመክረው ቬሪፊኬሽን ወይም ፈርምዌር ነው። የመጨረሻው የቺፕ አካላዊ ንድፍ ሥራ ለሩቅ ጀማሪ ብዙም አይሰጥም። ቃለ መጠይቅ ላይ ከዲግሪው ይልቅ የሠራችሁትን ያያሉ። ጊት ላይ አንድ ያለቀ ነገር ይኑራችሁ። ትንሽ ይሁን፣ ግን ፈተናው አብሮት ይኑር። ፈተና የሌለው ትልቅ ንድፍ ካለው ሰው ይልቅ ፈተናው የተሟላ ትንሽ ንድፍ ያለውን እኔ ራሴ እመርጣለሁ።

ዛሬ ማታ መጀመር ለሚፈልግ ይኸውና ሥራ። አይካረስ ቬሪሎግን ጫኑ። ሦስት መግቢያ፣ አንድ ክሎክ፣ አንድ ሪሴትና ሁለት መውጫ ያለው ሞጁል ጻፉ። አንዱ መውጫ «ፌዝ ጎደለ» ይበል፣ ሌላው «ተራው ተገለበጠ»። ክሎኩን 10 ኪሎኸርትዝ አድርጉት። መግቢያዎቹን በሁለት ሁለት ፍሊፕፍሎፕ አሳልፏቸው። ከዚያ ፈተናውን ጻፉ። አንዱን ፌዝ በዙሩ መጀመሪያ፣ በመሀሉ፣ በመጨረሻው አጥፉት። ሁለቱን አንድ ላይ አጥፏቸው። ጎድሎ የነበረው ሲመለስ መውጫው ወዲያው ይመለሳል ወይስ ይጠብቃል? እሱን እናንተው ወስኑና ጻፉት። የመጀመሪያው ዙር ላይ፣ ገና ምንም ምልክት ሳይመጣ፣ ሞጁሉ ምን እንደሚል ማየት እንዳትረሱ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ሲያልቅ ለጓደኛችሁ ኮዱን ሳታሳዩ ሞጁሉ ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ በቃል ንገሩትና ሁለተኛውን ፈተና እሱ ይጻፍላችሁ።